ስማቸው ያልተጻፈ ሠዓሊዎች

ዛሬ ከሰዓት ቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ዕቃ ሱቆች አንዱ ገብቼ አንድ የዓድዋ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየሁ። አሣሣሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምኒልክ በግራ ከላይ፣ ጣይቱ ከታች በፈረስ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሁሉም በላይ። የእኛ ሰዎች ሙሉ ፊትና ሁለት ዓይን፤ ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን።

ይሄኛው ሠዓሊ ግን የራሱን ነገር ጨምሯል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ለቆሰለ ወታደር በቅል ውሃ ታጠጣለች። ግራ እጇ ከልክ በላይ ረዝሟል፣ አንገቱን ደግፎ እንዲይዝላት። የቅሉን አፍ በቀጭን ነጭ መስመር አብርቶታል። እንዴት ያምራል! ስም ፈለግሁ፣ የለም። ባለሱቁም አያውቅም።

ቄስ አዳሙ ተስፋው ትዝ አሉኝ። ጎጃም፣ ቢቸና ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን አድገው፣ አዲስ አበባ መጥተው እንዲህ ላሉ ሱቆች ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፎውለር ሙዚየም በእሳቸው ሕይወትና ሥራ ላይ ብቻ ዐውደ ርዕይ አሳየ። የቤተ ክርስቲያኑን አሣሣል ሳይለቁ ሰዎቻቸውን ያንቀሳቅሷቸዋል። ፈረሱ ሲዘል ይታያችኋል። እዚህ አገራቸው ግን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? ይሄ ያንገበግበኛል።

እስቲ ሳሎናችሁ እንዲህ ያለ የቆየ ሥዕል ካለ አውርዳችሁ ጀርባውንም ጥጉንም እዩልኝ። ስም ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ከማን እንደተገዛ የሚያስታውስ አባት ወይም እናት ካለም ጠይቁልኝ።