ወደ ቀኝ አልሄድ ያለው ጀግና

ዛሬ ጎንደር በነበረው ሃካቶን (የፕሮግራም ሠሪዎች የጋራ ሥራ ውድድር) ጀማሪዎች በፓይጌም (የፓይተን ጌም መሥሪያ) የድሮ ዓይነት ጌም ሲሠሩ ነበር፤ ጀግናው ፋሲል ግንብ ላይ ይሮጣል። «በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ በሚሳለው በእያንዳንዱ ምስል) 2 ፒክስል» ብለው ስለጻፉት 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ፍሬም) ስክሪን ላይ በሰከንድ 120 ፒክስል ሲሄድ፣ 144 ኸርዙ ላይ 288 ገባ!

ፍጥነቱን 120 አድርገው ካለፈው ፍሬም ወዲህ በሄደው ጊዜ (በሰከንድ ተለክቶ) አባዙት። ትክክል ነው። ግን 144 ኸርዙ ላይ ጀግናው ወደ ግራ ይሮጣል፣ ወደ ቀኝ ንቅንቅ አይልም። እዚህ ጋ ነው ነገሩ! የጀግናውን ቦታ የሚያስቀምጠው የፓይጌም አራት ማዕዘን፣ ሬክት፣ የሚይዘው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ 100 ላይ የአንድ ፍሬሙ 0.83 ፒክስል (120 ÷ 144) ሲደመር 100.83፣ ተቆርጦ መልሶ 100። ሲቀነስ ግን 99.17፣ ተቆርጦ 99።

ቦታውን ለብቻው በአስርዮሽ ያዙና ወደ ሬክት ስትገለብጡት ብቻ አጠጋጉት። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው የጎረቤት ላፕቶፕ ነውና፣ ልጆች፣ ከማስረከባችሁ በፊት ተዋዋሱ።