ወደ ቀኝ የሚጎትት መሪ ይዤ ከመስቀል አደባባይ ሱማሌ ተራ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ ደረስኩ። ስፖርት የሚሠሩት ገና ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጭምድድ አድርጌ ይዣለሁ። ትንሽ ላላ ሳደርገው ላንድክሩዘሯ ወደ ቀኝ ትሄዳለች።

ከሳምንት በፊት ነው የጀመረው። አርባ ምንጭ ልሄድ ስል የመሪው ሾክ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ይሄ ሾክ ከፊት በኩል ጋደም ብሎ ነው የሚታሰረው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው እጅ ላይ እንዳይወራጭ ያረግባል። ኦሪጅናሉ ሲጠፋ አንድ ጋራዥ የፒካፕ የኋላ ሾክ አሰረልኝ። «ሾክ ሾክ ነው» አሉኝ፤ አመንኩ። ኮሮኮንቹን ስታገል ከርሜ ተመለስኩ።

ለገሃር ላይ ወደ ቸርችል ስታጠፍ ቀለለኝ። መሪው የሚወደው ጎን ነዋ! ጥቁር አንበሳን አልፌ ወደ ተክለ ሃይማኖት በግራ ስታጠፍ ግን ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ።

ሱማሌ ተራ የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ገና ጎንበስ ብለው እንዳዩት «ልጄ፣ ይሄን ማን አሰረልህ?» አሉ። ፈተው አወጡት። ዘንጉን በደረታቸው ተጭነው እስከ መጨረሻው አስገቡትና ለቀቁት። ዘንጉ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ወጣ።

«ጋዝ አለው» አሉኝ። «ባሌስትራ ሥር ሲሆን የመኪናው ክብደት ስላለ አትሰማውም። መሪ ላይ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይገፋሃል።»

ቀጥለው እኔ እንድሞክረው ሰጡኝ። ስገፋው ቶሎ ይገባል፣ ስስበው ይከብዳል። ጎማው ሲነጥር የሚያረግበው ተራው ሾክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሲጨመቅ ለቀቅ፣ ሲዘረጋ ጠበቅ ይላል። ለመሪ የሚሠራው ግን ግራና ቀኝ እኩል መክበድ አለበት።

«ጋሼ፣ ጋዝ የሌለው ባስርስ?» አልኳቸው። ርካሽ ነው፣ ደግሞም አይገፋም ብዬ ነው። አንድ ያገለገለ የዘይት ሾክ አነሡ። አቁመው ሲያሠሩት ደህና ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው አራት አምስት ጊዜ ገፋ ሳብ አደረጉት። ከዚያ ዘንጉ አንድ ጣት ያህል ባዶውን ሸተት አለ፤ ውስጡም ተንቦጫረቀ። እንዲህ ያለው ሾክ ሁለት ቱቦ አለው። የውጭኛው ዘይትና አየር ይይዛል። ሲቆም ዘይቱ ከታች ስለሚሆን ወደ ውስጠኛው ቱቦ የሚገባው ዘይት ነው። ሲጋደም አየሩም አብሮ ይገባል፣ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። ያን ጊዜ ሾኩ አለ ማለት ከንቱ ነው። ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ ርካሹን ገዝቼ እሄድ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። መሪውን ግራ ቀኝ እንድነቀንቅ አዘዙኝና ከሥር የመሪውን ዘንግ መጋጠሚያ በጣታቸው ነኩ። «ና፣ አንተም ንካ» አሉኝ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። መጋጠሚያው ተበልቷል። ለካ የቀድሞው ሾክ ይህን ሁሉ ጊዜ ይሸፍንልኝ ነበር። ሾክ ይሸፍናል እንጂ አያድንም። አስቡት፣ ይሄ ነገር ቁልቁለት ላይ ቢወልቅ!

መጀመሪያ መጋጠሚያው ተቀየረ። ፊቱን በክሪክ አንሥተው የጎማውን ኩሽኔታ ፈተሹ፤ ደህና ነው። ከዚያ ለመሪ ተብሎ የተሠራውን ሾክ አሰሩ። ጎማው ቀጥ ሲል የሾኩ ዘንግ መሃል ላይ እንዲሆን አደረጉ። መሪውን እስከ ጥግ ግራ፣ እስከ ጥግ ቀኝ አስዞሩኝ። በሁለቱም ጥግ ዘንጉ ትንሽ ትርፍ አለው። ትርፍ ከሌለው መሪውን ሾኩ ራሱ ያቆመዋል፤ ያኔ ማሰሪያው ይገነጠላል።

ስመለስ ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩ። መንገዱ ለቀቅ ሲል መሪውን ላላ አድርጌ ያዝኩት። ቀጥ ብላ ሄደች። ለገሃር ዳር ይዤ ቆምኩና በስልኬ መብራት ከሥር አየሁ። ሾኩ ደረቅ ነው፤ ቡሎኖቹም ጠብቀዋል። ነገ ቡታጅራ ነኝ።