የጡረታ ደብተሬ፦ ሦስተኛ ዓመት

ሰላም ናችሁ? እንደ ቃሌ ዘንድሮም ደብተሬን ይዤ መጥቻለሁ። ለአዲሶቹ፦ 43 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። ስሸመግል የልጆቼን እጅ ማየት አልፈልግም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የዘንድሮው ትልቁ ትምህርት አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ ነው የመጣው። አብረውኝ የነበሩት ድሮ አንድ ቦታ የሠራን ጋሼ ናቸው፤ አምና ጡረታ ወጥተዋል። "ለመሆኑ አበልህ ስንት እንደሚሆን ታውቃለህ?" አሉኝ። አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ቁጠባ ስለፈልፍላችሁ ከርሜ ይህችን አላሰላኋትም!

ጋሼ የሒሳቡን ወረቀት ገልብጠው፣ ጣታቸው ላይ የቀረው ዘይት እያተመበት፣ በእስክሪብቶ ጻፉልኝ። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 ነው። እኔ በ60 ዓመቴ 28 ዓመት አገልግሎት ይኖረኛል። 52.5 በመቶ ማለት ነው። የደመወዜ ግማሽ ከምናምን።

"ይህ ግን መዋጮህ በትክክል ገቢ ከሆነ ነው" አሉኝ። እሳቸው ለካ የቀድሞ አሠሪያቸው ከደመወዛቸው እየቆረጠ ገቢ ሳያደርግ ቀርቶ፣ የድሮ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ፍለጋ ወራት ተንከራተዋል።

በማግስቱ የራሴን የጡረታ ፋይል ጠየቅኩ። ከመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ የ14 ወር መዋጮ የለም! ከኔ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11፣ በድምሩ የደመወዜ 18 በመቶ በየወሩ። ከየትኛውም ዕቁቤ ይበልጣል፣ እኔ ግን ዕቁቡን እንጂ እሱን ቆጥሬው አላውቅም።

ሌላውን ቶሎ ልበል። ባንክ በ7 በመቶ የተቀመጠች ብር እጥፍ ለመሆን 10 ዓመት ገደማ ትፈልጋለች፤ ገበያው ደግሞ እሷን አይጠብቅም። ስለዚህ እዚያ የማስቀምጠው የስድስት ወር አስቤዛና የቤት ኪራይ ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ትንሹን መጠን፣ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር፣ በቴሌብር ገዝቻለሁ። ሀብታም ያደርገኛል ብዬ አይደለም፣ ነገ ለትምህርት ቤት ክፍያ የማልነካው ገንዘብ ይኑረኝ ብዬ ነው። ለዚያ የሚፈለግ ብር ካላችሁ አክሲዮን ውስጥ አታስገቡት።

ዕቁብ ላይ ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም። በዋጋ ንረት ዘመን ዕጣው ቶሎ ቢወጣ ይሻላል ትላለች፣ ልክ ናት። እኔ ግን አምና ቶሎ ደርሶኝ ሶፋ ገዛሁበት። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ፣ ምቹ ነው። ዘንድሮ ሲወጣ በቀጥታ እሷ እንድትቀበል ፈርሜያለሁ።

ወደ 14ቱ ወር ስመለስ፣ የ9ኙን የደመወዝ ወረቀት ባለቤቴ የሠርጋችን አልበም ውስጥ አስቀምጣው አገኘነው። አምስቱ ይቀራሉ። የድሮው መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ "ሰኞ ና" ካለኝ ሦስተኛው ሰኞ አለፈ። ከናንተ መሀል በባንክ ስቴትመንት ያስረዳና የተሳካለት ካለ፣ እንዴት እንዳደረገ ይጻፍልኝ።