ጨው አለው ወይ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። በሰኔ እዚህ ስዊድን ሌሊቱ አይጨልምም፤ በክቧ መስኮት የሚገባው ብርሃን ጎሕ ይሁን ምሽት አይለይም። ካቢናችን ጠባብ ናት፤ አንዳችን ልብስ ስንቀይር ሌላችን አልጋ ላይ መውጣት አለብን። ዩኖ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ የምሠራባት መርከብ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራች ናት፤ እንግዶችን በዬታ ካናል፣ በሰው በተቆፈረው የመርከብ ቦይ፣ ታሻግራለች። ሽንት ቤቱም መታጠቢያውም በኮሪደሩ ነው፤ ለእንግዶቹም እንዲሁ። ከላይ የምትተኛዋ ልጅ ትንፋሿ ይሰማኛል። መርከቧ በርግ የሚባል ቦታ ታስራ አድራለች፤ ጠዋት ሰባቱን በሮች፣ ውሃው እየጎደለ መርከቧን ደረጃ በደረጃ የሚያወርዱትን፣ እንወርዳለን።

ልቤ የከበደው ግን ገና ትናንት ጠዋት ነው። ምክንያት አልነበረውም። ቡሬንስበሪ ስንደርስ፣ ያ የውሃው በር እስካሁን በእጅ የሚከፈትበት ቦታ፣ እንግዶቹ ሁሉ ወርደው የበሩ ጠባቂ በሩን ሲገፋ ይቀርጹ ነበር። እኔ ከኋላ በኩል የወጥ ቤት ፎጣ ለማስጣት ገመድ አሰርኩ። ያ ዝምተኛው መርከበኛ መጥቶ ቋጠሮውን አየው። ነካውም። «ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ያ መልሴ ነው የሚመላለስብኝ።

እቤት ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫውን የሚያስረው አባዬ ነበር። የጎረቤቶቻችን ገመድ አንዴ ከታሰረ በቢላ ካልተቆረጠ አይፈታም። የአባዬ ብረቱን ሁለቴ ይዞርና ጫፉን አጥፎ ይነክሳል፤ ነፋስ በጎተተው ቁጥር ይጠብቃል፣ ጫፉን ሳብ ስታደርጊው ባንዴ ይለቃል። እማ በሕይወት ሳለች ዝናብ ሲመጣ እየሮጠች ያን ጫፍ ትስብና ልብሱን ከነገመዱ ሰብስባ ትገባለች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። አስተምሮኝ አያውቅም። «ነይ እዪ» ብሎኝም አያውቅም። እጄ ግን ያውቀዋል።

አባዬ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ምጽዋ የሠለጠነ፣ በኋላ አሰብ የነበረ። በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩ እሱ ከየብስ ወገን ነበር፤ ወደ ጅቡቲ በእግሩ ወጣ። መርከቦቹ አልተመለሱም። እሱ ተመልሶ መጣ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ባሕር አላየም። ስለዚያ ዘመን የሚያወራው ትንሽ ነው፤ የሚያወራውም ስለ ሙቀቱ ነው፣ ብረቱ በባዶ እጅ እንደማይነካ። በ2010 ባሕር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ወንድሜ ደስ ብሎት ጮኸ። አባዬ ተነስቶ ሬዲዮውን ዘጋው። ተቆጥቶ ይሁን ሌላ፣ ማናችንም አልጠየቅነውም።

ሙታላ በምትባል ከተማ የፕላተን መቃብር ከካናሉ ዳር ነው፤ መርከቧ ባለፈች ቁጥር አስጎብኚዋ ታሳያለች። ባልትሳር ቮን ፕላተን እሱም የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ይህን ካናል ያሠራው እሱ ነው፤ የስዊድን መርከብ ለዴንማርክ ቀረጥ ሳይከፍል ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው እንዲደርስ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1810 ተጀምሮ በ1832 አለቀ፣ እሱ ግን በ1829 ሞተ። ርዝመቱ 190 ኪሎ ሜትር፣ በሮቹ 58። እኔን የሚይዘኝ ይሄ ሁሉ አይደለም። የቆፈሩት ወታደሮች ናቸው፤ 58,000 ያህል ሰው፣ በየዙሩ፣ በቀን 12 ሰዓት፣ ጫፉ ብረት በተለበጠ የእንጨት አካፋ። ከ190ው 87 ኪሎ ሜትሩ በሰው እጅ የወጣ አፈር ነው። ባሕር ለባሕር የሚያገናኝ መንገድ ቆፍረው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ስንቶቹ መርከብ ላይ ወጡ? ስንቶቹስ ባሕሩን አይተውት ያውቃሉ? የፕላተንን መቃብር እንግዶቹ ያዩታል፤ ቆፋሪዎቹን ግን በቁጥር ብቻ ሰምተው ወደ ቡናቸው ይመለሳሉ። ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰሃን እያነሳሁ ግንቡን አየዋለሁ፤ በመርከቧና በድንጋዩ መካከል ስንዝር እንኳ አይገባም፣ ድንጋዩ እንደዚያ ተጠርቦ የተቀመጠው በእነሱ እጅ ነው። በሩ ሲዘጋ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ያ እርጥብ ግንብ በመስኮቴ ፊት እያደገ ወደ ላይ ይሄዳል። ለካ ሰው ከመሬት በታች እንዲህ ቀስ ብሎ ይወርዳል እላለሁ በልቤ።

ባለፈው እሁድ ደወልኩለት። ሰኔ ጾም ይዘሻል ወይ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አሁን የት ናችሁ?» አለኝ። በውሃ ላይ ነን አልኩት፤ ሐይቅ ነው፣ ቬነርን ይባላል፣ ዳርቻው አይታይም። ዝም አለ። ከዚያ «ውሃው ጨው አለው ወይ?» አለኝ።

«የለውም አባዬ፣ የሚጠጣ ነው።»

«እሺ ልጄ» አለና ስለ ወንድሜ ቤት ኪራይ ማውራት ጀመረ።

ያ «እሺ» አንሶብኝ ነበር። ሌላ ነገር መስሎኝ፣ በሥራዬ አልተደሰተም ብዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው የጠየቀኝ ስለ ሥራዬ አልነበረም።

ከሰባቱ በሮች በኋላ የሮክሰንን ሐይቅ ተሻግረን ኑርስሆልም፣ ሴደርሸፒንግ፣ ከዚያ ሜም። ሜም የመጨረሻው በር ነው፤ ካናሉም በንጉሡ ፊት የተመረቀው እዚያ ነው። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ባሕር ነው፤ መጀመሪያ ጠባብ፣ ዳርና ዳሩ ጥድ፣ እያለ እያለ ይሰፋና ደሴቶቹ ይጀምራሉ፤ አንድ ቀይ ቤትና አንድ ጀልባ ብቻ ያላቸው፣ ወይም ድንጋይና ወፍ ብቻ። ይህን መንገድ ስንቴ ሄጄዋለሁ፤ ከወጥ ቤት ብቅ ብዬ አየዋለሁ፣ ተመልሼ ድንች እልጣለሁ። አንድም ቀን እጄን ውሃው ውስጥ አስገብቼ አላውቅም።

በዚህኛው ጉዞ አስገባለሁ። እቀምሰዋለሁ። ከዚያ እደውልለታለሁ።

ግን ባልቲክ እኮ እንደ ሌላው ባሕር አይደለም። በዚህ ዳርቻ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ጨው ከ6 ወይም ከ7 ግራም አይበልጥም፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ምላስ ላይ ለስለስ ያለ ነው ይላሉ፣ የወጥ ጨው ያነሰበት ያህል። አባዬን «አዎ» ብዬ ብመልስለት ያኛው ባሕር ነው የሚታየው፤ ምጽዋ፣ ብረቱ፣ ሙቀቱ፣ የቀሩት ጓደኞቹ። አይ ብለው ደግሞ እንደገና «እሺ ልጄ» ሊለኝ ነው።

ላይኛዋ ልጅ ተገላበጠች። ፎጣዎቹን እዚያው ረስቻቸዋለሁ፤ ጤዛ ሳይበዛባቸው ልውጣና ጫፉን ልሳበው።

ምን ልበለው?