ቤት ቁጥር የሌላት ልጅ

ጥያቄው የመጣው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በምሰጠው ስልጠና ሁለተኛ ቀን፣ ለሻይ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። የአንድ ቤተሰብ የጤና መረጃ ስለሚቀመጥበት ስለ ቤተሰብ ፎልደር እያስረዳሁ ነበር። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ፎልደር፣ አንድ ቁጥር። አንዲት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ 500 ቤተሰብ ነው የምትይዘው፤ ፎልደሩ ከተዛባ ሥራው ሁሉ ይዛባል። ከኋላ ወንበር አንዲት ሲስተር እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ቤት ቁጥር የሌለው ሰው የቱ ፎልደር ውስጥ ነው የሚገባው?»

«የሚኖርበት ቤት አለ አይደል? በዚያ ቤት ፎልደር አስገቢው።»

«ቤቱ ገና እየተሠራ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው። ውስጡ ያሉት የቀን ሠራተኞች ናቸው።»

«እሱን ከወረዳው ጋር እናየዋለን።»

«እሺ» አለች።

እሺ ብዙ ዓይነት ነው። የተስማማ ሰው እሺ ይላል፣ የፈራም እሺ ይላል። የእሷ ግን «ከዚህ ሰውዬ መልስ አላገኝም» ብሎ የተወ ሰው እሺ ነበር። ጥያቄዋን ግድግዳ ላይ በለጠፍነው «በይደር የተያዙ» በሚል ወረቀት ላይ በማርከር ጻፍኩትና ወደ ሻይ ወጣን። ያቺ እሺ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 በገጠር ሲጀመር የተመለመሉት 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ነበሩ፤ አንድ ዓመት ሰልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ከተማ ሲመጣ ሥራው ለነርሶች ተሰጠ። ስለዚህ እፊቴ የተቀመጡት ሴቶች ሕክምናውን ያውቃሉ። አካባቢውን ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ገጠር ውስጥ ልጅ ቢታመም የማን እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። አዲስ አበባ ጫፍ፣ ቦሌ አራብሳ ዳር ግን ሰው የሚኖረው ሥራ ባለበት ነው። ፎቁ ሲያልቅ ሰዉም ይነሳል።

በአራተኛው ቀን ለተግባር ልምምድ ወጣን። አጋጣሚ ሆኖ እኔ ከእሷ ቡድን ጋር ተመደብኩ። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ያሉትን ቤቶች በቼክሊስቱ መሠረት ጨረስን። ልንመለስ ስንል «መምህር፣ አንድ ቤት ቀረን» አለችኝ። ዝርዝሩን አየሁ። የቀረ የለም።

ከብሎኩ ጀርባ ወሰደችን። ያላለቀ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ በመስኮቱ ቦታ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ፎቁ ላይ ወንዶቹ ያድራሉ። ምድር ቤት፣ ከሲሚንቶው ክምር አጠገብ፣ አንዲት ወጣት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ባሬላ ስትሸከም ውላ ለምሳ ዕረፍት መውጣቷ ነው። አማርኛዋ ገና ነው፤ ከወላይታ የመጣ አንድ ግንበኛ ያስተረጉምላታል።

ሲስተር ልጅቷን አላቀፈችም፣ ወዲያው ጥያቄም አላበዛችም። መሬት ላይ ተቀመጠች። «እንዴት ዋልሽ የኔ እናት? ዛሬ ገና አገኘሁሽ» አለቻት። ለካ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር፤ ሁለቴም ልጅቷን ሳታገኝ ተመልሳለች። እናትየው ልጇን አዝላ ሌላ ሳይት ውላ ነበር።

የክንድ መለኪያውን አወጣች። በግራ ክንድ፣ ከትከሻና ከክርን መሐል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። እኔም በድጋሚ ለካሁት፤ 11ን ትንሽ አለፍ ይላል። ሁለቱን እግሮቿን በአውራ ጣታችን ጫን አድርገን አየን፤ እብጠት የለም። ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ስንነግራት እናትየው አንገቷን ደፋች። ሕክምናውና ፕላምፒ ነቱ፣ ማለትም በምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠው የኦቾሎኒ ምግብ፣ ነፃ ነው፤ እሱን ተረድታለች። የቀኑ ሒሳብ ግን ይቀርባታል። እኔ ስለ ምግብ እጥረት አደጋ ማስረዳት ጀመርኩ። ሲስተር ክንዴን ነካ አደረገችኝና «ካቦውን እኔ አናግረዋለሁ» ብላ ወጣች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ስትመለስ «የግማሽ ቀኑን ይከፍላታል» አለች።

እየሄድን ሳለ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ተራ ደብተር አየሁ። አሳየችኝ። ፎልደር ውስጥ የሌሉ ሰዎች ናቸው። 31 ስም ቆጠርኩ። በአድራሻው ቦታ «ከውሃ ታንከሩ ጀርባ»፣ «ጥበቃው አባባ ያሉበት ግቢ»፣ «ሰማያዊ ሸራ» ይላል። የተሰረዙም አሉ፤ ከተሰረዘው ጎን አዲስ ቦታ ተጽፏል። ከአንዲት ነፍሰ ጡር አጠገብ ደግሞ «ወር ገብቷታል፣ ማታ ብቻ» የሚል አለ። ይህን ደብተር እንድትይዝ ያዘዛት የለም። በወር መጨረሻ ሪፖርት ላይም አይቆጠርላትም።

ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስንደርስ ወረዳ ተጠየቀ፣ ቤት ቁጥር ተጠየቀ። እናትየው ወደ ሲስተር ዞረች። ሲስተር ሳታመነታ አንድ ቁጥር ተናገረች። የራሷ ቤት ቁጥር ነው።

ጎተት አድርጌ «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«መምህር፣ በየሳምንቱ መምጣት አለባት። ከቀረች ፈላጊው የሚሄደው በዚህ አድራሻ ነው። እኔን ያገኛል። እኔ ደግሞ የት እንዳለች አውቃለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። «የሚኖርበት ቤት ፎልደር አስገቢው» ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው አስገባቻት።

ጥያቄዋን በማጠቃለያ ሪፖርቴ ላይ አንደኛ አድርጌ ጻፍኩት። ከሚመለከተው ቢሮ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ቋሚ ነዋሪ ስላልሆኑ በዕቅድ አልተያዙም። ተናድጃለሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ ንዴቱ አልወጣልኝም። ያቺን ክንድ በእጃቸው ይዘው ቢሆን እንዲህ የሚጽፉ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ስልጠና ስጀምር ፎልደሩን አልከፍትም። መጀመሪያ ለእያንዳንዷ ባዶ ደብተር እሰጣለሁ። የምትሠሪበትን አካባቢ ስትዞሪ የምታያቸውን፣ ዝርዝር ውስጥ ግን የሌሉትን ሰዎች ጻፊ እላለሁ። ግማሽ ቀን ይወስዳል። የስልጠናው አስተባባሪዎች ሰዓት እንደማባክን ነግረውኛል። አልተውኩትም።

ለሲስተር በየጊዜው እደውልላታለሁ። በስድስተኛው ሳምንት የልጅቷ ክንድ ከቀዩ አልፎ ቢጫው ላይ ደርሶ ነበር። ድምጿ ውስጥ ደስታው ይሰማ ነበር። ከዚያ ፎቁ አለቀ።

«ሰማያዊ ሸራ የሚለውን ሰረዝኩት» አለችኝ። «አዲሱን ገና አልጻፍኩም። ወደ አያት በኩል ሄዱ ብሎኛል ካቦው። ቅዳሜ ልፈልጋቸው ነው።»

ቅዳሜ አብሬያት እሄዳለሁ።