በአማኑኤል ዕለት ያወጣኝ አምላክ

ስለት አለብኝ። «ከዚህ ካወጣኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ይኸው ልመስክር።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ቤሩት ነበርኩ። አሽራፊዬ የሚባል ሰፈር፣ ከወደቡ ብዙም የማይርቅ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። የማስታምማቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። እኔም እንደ ልጅ ልጆቻቸው «ቴታ» ነበር የምላቸው።

ያ ዓመት መጥፎ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ሊራው ወደቀና ደመወዜ ቆመ። ኮሮና መጣና ኤርፖርቱ ተዘጋ። በግንቦት እናቴ አረፈች። መርዶዬን በኢሞ ነው የሰማሁት። ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው የለም። ኩሽና ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ አለቀስኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። «አንድ ነገር ነበር የለመንኩህ፣ እናቴን ሳላያት እንዳትወስዳት። እሱንም እምቢ አልክ። ካልሰማኸኝ ለምን እጠራሃለሁ?» አልኩት። ዳዊቴን ፍራሼ ሥር ከተትኩት። መጸለይ አቆምኩ።

የዚያን ቀን 12 ሰዓት ገደማ በወደቡ በኩል ጭስ አየሁ። ጭሱ ውስጥ ርችት የሚመስል ነገር ይንጣጣል። ልቀርፀው ስልኬን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ወዲያው ቴታ ከውስጥ ተጣሩ። ሽንት ቤት ውሰጂኝ ነው የሚሉት። «አሁን ነው እንዴ?» እያልኩ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ክንዳቸውን ይዤ ሁለት እርምጃ ሳንሄድ ሕንፃው ተወዛወዘ። ከዚያ የመጣውን ድምፅ ልነግራችሁ አልችልም። ጆሮዬ ደነቆረ። ሁለታችንም መሬት ላይ ነን። አቧራ ብቻ።

ቀና ስል የበረንዳው በር ከነፍሬሙ ተነቅሎ ሳሎኑን አቋርጦ ወድቋል። ቅድም የቆምኩት እዚያ በር ላይ ነበር። ለስንት ጊዜ ያማረርኩበት የቴታ ጥሪ ነው ያተረፈኝ። ወደቡ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ተከማችቶ እንደነበር፣ የፈነዳውም እሱ እንደሆነ፣ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ በኋላ ነው የሰማነው። ያን ጭስ በመስኮት ሲያዩ በመስታወት የተቆረጡት ብዙ ናቸው።

የቴታ ክንድ ተተርትሮ ደሙ ይፈስሳል። እናቴ የላከችልኝን ነጠላ ቀድጄ አሰርኩት። ሊፍቱ የለም፤ መብራት የለም። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ያኔ አፌ ሳላዘው ተከፈተ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል…» ስንት ወር ያልደገምኩት ዳዊት! «ከሌሊት ግርማ፥ በቀን ከሚበርር ፍላጻ…» እያልኩ ቴታን አዘልኳቸው። እኔ ደፋር ሰው አይደለሁም፤ ጨለማ የምፈራ ነኝ። ያ ጉልበት የእኔ አልነበረም። «አማኑኤል፣ በዕለትህ አውጣን» እያልኩ፣ መስታወቱን በእግሬ እየገፋሁ፣ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወረድኩ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ናጡሩ ደረሰልኝ፤ የሕንፃው ጠባቂ፣ ሶሪያዊ ነው። ምድር ቤት ያለው የራሱ ቤት ፈርሶ እያለ ወደ ላይ እየሮጠ መጣ። ቴታን ከጀርባዬ ተቀበለኝ። እግዚአብሔር ውለታውን ይክፈለው።

ሆስፒታሉ ራሱ ተመትቷል። በሽተኛው ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ግንባሯ የደማ ነርስ በስልክ መብራት የቴታን ክንድ ሰፋች። እሷንም ጌታ ይባርካት። «ሌላ ፍንዳታ አለ» የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ሰው ይሮጣል። ቴታን ጥዬ የት እሮጣለሁ? አስፋልቱ ላይ አቅፌያቸው ቁጭ አልኩ። እሳቸው «ያ ዓድራ፣ ያ ዓድራ» እያሉ ድንግልን ይጠራሉ። እኔ «እመብርሃን» እላለሁ። እንዲህ ስንል ነጋ።

ያን ሌሊት ነው የታረቅኩት። እናቴን ለምን እንደወሰዳት አልነገረኝም። እኔ ተርፌ ሌሎች ለምን እንደቀሩም አላውቅም። አብሮኝ እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ይህን ማንም አይቀማኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ ፍልሰታ ገባ። ቤቱን ሳጸዳ ፍራሼን አነሳሁ፤ መስታወት እንደ ጤፍ ተበትኖበታል። ዳዊቴ ሥሩ ተቀምጧል። ጾሙን በእሱ ጾምኩ።

ከዚያ ወራት አለፉ። የቴታ ልጅ ከውጭ መጣች። እናቷን በሕይወት ስታገኛቸው እጄን ይዛ አለቀሰች። የተጠራቀመ ደመወዜን በዶላር ከፈለችኝ፤ ትኬቱንም ቆረጠችልኝ። እኔ አንድም ቃል አልጠየቅኳትም። የጠየቅኩት ሌላ ነው፤ እሱም ሰምቷል። በታኅሣሥ ቦሌ ወረድኩ። እናቴ መቃብር ላይ የልቤን አለቀስኩ። ለአማኑኤል የተሳልኩትን ጃንጥላ አስገባሁ።

ቴታ ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ናጡሩ ግን ስልኩ ከጠፋብኝ ቆየ። የት እንዳለ አላውቅም። ሚስትና ልጆች አሉት። እባካችሁ ጸሎት ስታደርጉ እሱን አስቡልኝ። እዚያ ያሉትን እህቶቻችንንም፣ ደመወዝ የተከለከሉትን፣ መርዶአቸውን በስልክ የሚሰሙትን አስቡልኝ።