ዕቃቃ ቢሮ ገብቼ ጉዳዬ ሳያልቅ ወጣሁ

ሦስት ቀን ሆነ። ጥርሴን ስቦርሽ፣ ሊፍት ስጠብቅ፣ መብራት አጥፍቼ ጋደም ስል ያ ልጅ «ቀጣይ!» ሲል ይሰማኛል። ዕድሜው ቢበዛ ስድስት ነው። የፊት ሁለት ጥርሶቹ ስለወለቁ «ሲስተም» ሲል ፉጨት ይቀላቀልበታል።

እህቴ የአምስት ዓመት ልጇን ለግማሽ ቀን ጥላብኝ ሄደች፤ እኔም ሕጻናት ሙዚየም ወሰድኳት። ያው ታውቁታላችሁ፣ ትንሽዬ ከተማ ነው፤ ክሊኒክ፣ ሱቅ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ ጨረቃ የምታደርስ የእንጨት መንኮራኩር። ሁሉም ይነካል፣ ይጎተታል፣ ይገለበጣል። የሌለው ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም። ትኬት የሚቆርጠው ትልቅ ሰው፣ ጃኬትና የውሃ ኮዳ ተሸክሞ፣ አንድ እግር ካልሲ ኪሱ ከትቶ የሚዞረው ትልቅ ሰው። ቁጭ ሲል ግን ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል።

«አጎቴ፣ ጨረቃ ለመሄድ ፓስፖርቴ ላይ ማህተም ያስፈልጋል። አንተ ተሰለፍልኝ» አለችኝና የታጠፈ ወረቀት አስይዛኝ ወደ እሳት አደጋው ሮጠች።

ተሰለፍኩ። ከፊቴ አራት ልጆችና አንድ አሻንጉሊት ድብ አሉ። ባለቤቱ ሽንት ቤት ስለሄደ ድቡ ብቻውን ነው የተሰለፈው። ማህተሙ ዳክዬ ነው። ባለሥልጣኑ እፍ ይልበታል፣ ቀለሙ ላይ ይጫነዋል፣ ክንዱን ወደ ሰማይ ያነሳና፣ ጧ! ለአራቱም ልጆች ጧ አለላቸው። ለድቡም፣ ጧ!

ተራዬ ደረሰ።

«መታወቂያ» አለኝ።

ለጨዋታ ብዬ እውነተኛውን አወጣሁለት። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። ያልተደሰተበት ነገር አለ።

«ኮፒውስ?»

«ኮፒ አልያዝኩም።»

ነጭ ወረቀትና ሰማያዊ ከለር ገፋ አደረገልኝ። «ይሳሉት።»

ሳልኩት። እዚያች ወንበር ላይ ተጣጥፌ የገዛ ፊቴን ሳልኩ።

«ጆሮ የለውም። እንደገና።»

እንደገና ሳልኩ። ጆሮ ጨመርኩ፤ ለማንኛውም ብዬ ቅንድብም አበጀሁለት። ተቀብሎ ትኩር ብሎ አየው፣ መለሰልኝ፣ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ። «አሁን ደግሞ ሲስተም የለም።»

ኮምፒውተሩን አየሁት። የጫማ ካርቶን ነው። ስክሪኑ ላይ ዓሣ ተስሎበታል። ደሜ ፈላ።

«የካርቶን ሲስተም እንዴት ነው የሚጠፋው?» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። «ለድቡ እኮ መተህለታል! ድቡ መታወቂያ አለው? ድቡ ኮፒ አምጥቷል?»

«እሳቸው ሲስተም ሳይጠፋ ነው የመጡት።»

እሳቸው! ሆዱ በጥጥ የተሞላ ድብ አንቱ ተባለ። አንድ ዓይኑ እኮ ቁልፍ ነው። ከፎቶው ጋር አይመሳሰልም እንዳይባል ፎቶ የለው፤ ጆሮ የለህም እንዳይባል፣ እሺ፣ ጆሮ አለው።

«ኃላፊህን ጥራልኝ!»

ጎንበስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ተጣራ። ኃላፊዋ እየዳኸች ወጣች። ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጡጦዋን ከአፏ አወጣች፣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፣ «እምቢ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ዞር ስል ወላጅ በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል። አንዷ ስልኳን ወደ እኔ አነጣጥራለች። ከሠራተኞቹ አንዷ ጠጋ ብላ፣ ለታመመ ሰው በሚወራበት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ከኋላዎ ልጆች እየጠበቁ ነው» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጋሼ።

የእህቴን ልጅ ሳገኛት ጨረቃ ደርሳ ተመልሳለች። «ያለ ማህተም?» አልኳት። «ድቡ አሳለፈኝ» አለች።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጥፋተኛ ፍለጋ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። የመጀመሪያው የሕጻናት ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1899 ብሩክሊን ውስጥ ነው። በ1962 የቦስተኑን የሕጻናት ሙዚየም መምራት የጀመረው ማይክል ስፖክ ዕቃውን ከመስታወት ሳጥን አውጥቶ ለልጆች እጅ አስረከበ። ፊላደልፊያ ውስጥ በ1976 የተከፈተውማ ስሙ ራሱ «እባክዎ ይንኩ» ማለት ነው። ጥሩ፣ ይንኩ። እኔ ልጅ ሆኜ «አትንካ» ከስሜ በላይ ስጠራበት ስለኖርኩ አልቀናም አልልም። የኔን መታወቂያ ግን ማን ንካ አለው?

ከሁሉ የገረመኝ ቪጎትስኪ ነው። ይህ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1933 ስለ ጨዋታ ባደረገው ንግግር፣ የምናብ ጨዋታ ሕግ አልባ የሚመስለው ለላይ ላዩ ነው ይላል። እናት ሆና የምትጫወት ልጅ የእናትነትን ደንብ ትጠብቃለች፤ እንዳሻት አትሆንም። ስለዚህ ያ ልጅ ክፉ አልነበረም። ሥራውን ነው የሠራ። ደንቡን ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ቀን አባቱ ይዞት ጉዳይ ሊያስፈጽም ሄዷል፣ እሱም ጥግ ቆሞ ሲያጠና ውሏል።

ዛሬ ጠዋት ኪሴን ስፈትሽ መታወቂያዬ የለም። ሙዚየሙ ጋ ደወልኩ።

«አዎ፣ ካርቶን ውስጥ አግኝተናል» አለችኝ ሴትየዋ። «ዳክዬ የተመታበት ነው?»

ዝም አልኩ። ሲስተም ተመልሷል ማለት ነው።

«ልጅ ሳይዙ መግባት አይቻልም፤ ልጅ ይዘው ይምጡ። የርስዎ መሆኑን የሚያሳይ መታወቂያም አይርሱ።»

«መታወቂያዬ እናንተ ጋ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ኮፒውን።»

ኮፒው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አለ። ትንሽ ተጨማዷል እንጂ ጆሮ አለው።